ስልክ ለመግዛት ስነሣ መጀመሪያ የምሄደው ጠጋኙ ዘንድ ነው

የምኖረው ደሴ፣ የምሠራው ኮምቦልቻ ነው። በአንድ ድርጅት የሂሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ በየጠዋቱ በሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ፣ ማታ ያንኑ ጠመዝማዛ መንገድ መልሼ እወጣለሁ። ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ቢሆንም ቀኔን በሙሉ ከቤት ውጭ ስለማሳልፍ፣ ልጆቼ ከትምህርት ቤት መግባታቸውን የማውቀውም፣ ዕቁቤን የምጥለውም በስልኬ ነው። ስለ ቴክኖሎጂ የተማርኩት ትምህርት የለም። ይህን የምጽፈው ባለፉት ዓመታት በስልክ፣ በፓወር ባንክ፣ በሜሞሪ ካርድና በቴሌቪዥን ያጠፋሁት ገንዘብ ቀላል ስላልነበረና፣ አብዛኛው ጥፋት የተፈጸመው ሱቅ ውስጥ በቆምኩባቸው የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች መሆኑን ዘግይቼ ስለተረዳሁ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ እኔ አዲስ ስልክ ለመግዛት ለሰባት ወራት ገንዘብ ሳጠራቅም ነበር። በባንክ 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሲሆን የስልክ ዋጋም ተከተለው፤ የያዝኩት ገንዘብ አዲስ መግዣ መሆኑ ቀርቶ ያገለገለ መግዣ ሆነ። ስለዚህ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ካሉት ሱቆች ከአንዱ ገብቼ፣ ነጋዴዎቹ «ስላይት» የሚሉትን፣ ማለትም ጥቂት ብቻ አገልግሏል የሚባለውን ስልክ ገዛሁ። መልኩ ንጹሕ ነበር። ሻጩም ትሑት ነበር፤ ከቨርና የስክሪን መከላከያ በነጻ ጨመረልኝ። ደረሰኝ እኔም አልጠየቅኩም፣ እርሱም አልሰጠኝም።

ሁለት ሳምንት ያህል ምንም እንከን አልነበረውም። አንድ ቅዳሜ ትልቋ ልጄ ያስገባችውን የመክፈቻ ምስጢር ቁጥር ረሳችውና፣ ጓደኛዋ እንዳሳየቻት የጎን ቁልፎቹን አንድ ላይ ተጭና ስልኩን ከፋብሪካ እንደ ወጣ አድርጋ አጸዳችው። ስልኩ ሲነሣ ቀድሞ በላዩ ላይ የነበረውን የጎግል አካውንት አስገቡ አለ። ያ አካውንት የእኛ አልነበረም፤ ከእኛ በፊት የነበረው ባለቤት ሳያጠፋው የሸጠው ኖሯል። ሻጩ ዘንድ ስመለስ «ከዚህ ሲወጣ ደህና ነበር» ከሚል መልስ በቀር ያገኘሁት የለም። ደረሰኝ ቢኖረኝ ኖሮ ቢያንስ የምይዘው ነገር ይኖረኝ ነበር፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀናት ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ይህን ያነበብኩት ግን ገንዘቤ ከሄደ በኋላ ነው።

ስልኩን ይዤ ሰኞ ገበያ አጠገብ ጠባብ ክፍል ውስጥ ወደሚሠራ አንድ ወጣት ጠጋኝ ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ ሆዳቸው የተከፈተ ስልኮች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዳቸው ላይ የባለቤቱ ስም በወረቀት ተለጥፏል። ይህ የቀድሞውን አካውንት የሚጠይቅ መቆለፊያ ከ2015 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ በአንድሮይድ ስልኮች ላይ የመጣ፣ ሌባ የሰረቀውን ስልክ አጽድቶ እንዳይጠቀምበት የተሠራ መከላከያ መሆኑን አስረዳኝ። ዓላማው ጥሩ ነው፤ እኔ ላይ ሲደርስ ነው የከፋው። ከዚያ ፈገግ ብሎ፣ «አብሽሩ እትዬ፣ እርስዎ ብቻ አይደሉም። ሰው ሁሉ እኔን የሚያስታውሰኝ ከገዛ በኋላ ነው። ሳይገዙ አንድ ጊዜ ብቅ ቢሉ ምን ነበር?» አለኝ።

እንደ ቀልድ የተናገረውን ነገር እኔ እንደ ደንብ ያዝኩት። ከዚያ ቀን ወዲህ ስልክ ለመግዛት ስነሣ ከሻጩ በፊት የማነጋግረው ጠጋኙን ነው። ሻጩ ስለ ስልኩ የሚያውቀው በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ነው፤ ጠጋኙ ግን ከስድስት ወር በኋላ ምኑ እንደሚበላሽ፣ ስንቱ ተመልሶ እንደሚመጣና መለዋወጫው በምን ያህል እንደሚገኝ በእጁ ያውቀዋል። የምጠይቀው ብዙ አይደለም፤ የዚህ ሞዴል ስክሪን ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ይገኛል ወይስ ከአዲስ አበባ ይመጣል እለዋለሁ፤ ባትሪውን ለማውጣት ጀርባውን በሙቀት ማላቀቅ ያስፈልጋል ወይስ በቀላሉ ይከፈታል እለዋለሁ፤ የቻርጀሩ መሰኪያ ቢላላ ብቻውን ይቀየራል ወይ ብዬም እጠይቃለሁ። የመጨረሻው ጥያቄ እንደ ትንሽ ነገር ይታያል፤ ነገር ግን በእኔ ቤት ከተበላሹት ስልኮች የሁለቱ ሞት የጀመረው ከመሰኪያው ነው።

በዚህ ምክንያት ስለ ስልክ ያለኝ አመለካከት ከብዙ የሥራ ባልደረቦቼ የተለየ ሆኗል። እነርሱ ማንም ያልያዘውን ሞዴል ይፈልጋሉ፤ እኔ ሰው ሁሉ የያዘውን እመርጣለሁ። ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና አይቴል በካርቶናቸው የተለያዩ ቢመስሉም የአንድ የቻይና ኩባንያ፣ የትራንሽን፣ ስሞች ናቸው፤ ኩባንያው በአገራችንም ስልክ ይገጣጥማል። እነዚህ ስልኮች በየሰዉ እጅ ስላሉ ስክሪናቸውም ባትሪያቸውም ጠጋኙ መሳቢያ ውስጥ ይገኛል። በአንጻሩ ጠርዙ የታጠፈ ስክሪን ያለው ውድ ስልክ የያዘች አንዲት ባልደረባዬ ከሚኒባስ ስትወርድ ስልኳ ወድቆ ሲሰነጠቅ፣ ስክሪኑ 400 ኪሎ ሜትር ርቆ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ጠብቃለች፤ የከፈለችውም የስልኩን ግማሽ ዋጋ የሚጠጋ ነበር።

ጠጋኝም ቢሆን ሰው ነውና ጥቅም ሊኖረው ይችላል። አንዳንዱ በጎን ያገለገለ ስልክ ስለሚሸጥ፣ የሚያሞግስልህ ራሱ ሊሸጥልህ ያሰበውን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አንዱን ደሴ፣ ሌላውን ኮምቦልቻ በምሳ ሰዓት እጠይቃለሁ፤ የሁለቱ ቃል ከተስማማ ያን ጊዜ ገንዘቤን አወጣለሁ።

ያገለገለ ስልክ የግድ መግዛት ላለበት ሰው አሁን የማደርገውን ልንገር። ሻጩ ፊት ለፊት መጀመሪያ ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ የተመዘገበ አካውንት መኖሩን አያለሁ፤ ካለ ሻጩ ራሱ እንዲያወጣው አደርጋለሁ፤ ከዚያም በጎን ቁልፎቹ አጽድቶ እንደ አዲስ ሲነሣ የቀድሞ አካውንት አለመጠየቁን ቆሜ አያለሁ። ቀጥሎ *#06# ስደውል የሚመጣውን ባለ 15 አሃዝ የስልኩ መለያ (አይኤምኢአይ) ቁጥር በካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አመሳክራለሁ። የራሴን ሲም አስገብቼ እደውላለሁ፤ አንዱን አዶ በጣቴ ይዤ ከስክሪኑ ጥግ እስከ ጥግ እየጎተትኩ የሞተ ቦታ ካለ እፈልጋለሁ፤ ቻርጀር ሰክቼ መሰኪያውን ነቅነቅ አደርገዋለሁ። ይህ ሁሉ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። የማይታገሥ ሻጭ ካጋጠመኝ ሱቁን ለቅቄ እሄዳለሁ።

ከውጭ የሚላክ ስልክም የራሱ ጣጣ አለው። የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ለወንድሟ አይፎን ስትልክ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር፤ ስልኩ ሲመጣ ግን ለአንድ የአሜሪካ ኔትወርክ ብቻ የተቆለፈ ስለነበር የእኛን ሲም አልቀበል አለ። የስልኩ ቀሪ ክፍያ እዚያ ተጠናቆ መቆለፊያው እስኪከፈት ድረስ ለወራት ካሜራ ሆኖ ቆየ። ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ፦ ለአሜሪካ ገበያ የሚሠሩ አይፎኖች በ2022 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከወጣው ከአይፎን 14 ጀምሮ የሲም ካርድ ማስገቢያ ጭራሽ የላቸውም። ዘመድ «ምን ልላክልሽ?» ሲል ማፈር አያስፈልግም፤ ያልተቆለፈና ሲም የሚያስገባ እንዲሆን አስቀድሞ በግልጽ መንገር ለሁለቱም ወገን ይበጃል።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ ልምጣ፤ በካርቶን ላይ የሚጻፉ ቁጥሮች ከሁሉም በላይ ያበሳጩኝ ናቸውና። «16 ጂቢ ራም» ተብሎ በትልቁ የተጻፈበት ስልክ በትንንሽ ፊደል «8 ሲደመር 8» ይላል። የመጀመሪያው 8 እውነተኛው ራም፣ ማለትም ስልኩ የከፈትነውን ሁሉ ለጊዜው ይዞ የሚሠራበት ቦታ ነው፤ ሁለተኛው ከስልኩ የፋይል ማስቀመጫ ላይ የሚበደረው ሲሆን፣ ፍጥነቱ ከእውነተኛው ጋር የሚወዳደር አይደለም። የካሜራ ሜጋፒክሰልም እንዲሁ ነው። ማታ በክፍል መብራት የተነሣ ፎቶ እንዴት እንደሚወጣ ቁጥሩ አይነግርህም፤ በዚያ ላይ እኛ ፎቶ የምንላላከው በቴሌግራም ስለሆነ፣ እንደ ፋይል ካልተላከ በስተቀር ተጨምቆ ነው የሚደርሰው። እኔ ሱቅ ውስጥ ጥላ ያለበት ጥግ ፈልጌ የሻጩን እጅ አነሣለሁ፤ ጥፍሩ ጥርት ብሎ ከታየኝ ይበቃኛል።

በቁጥር የተታለልኩት ግን ከሁሉ በላይ በፓወር ባንክ ነው። በአንድ ወቅት መብራት በተደጋጋሚ ይጠፋ ስለነበር 20,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የተጻፈበት ፓወር ባንክ በርካሽ ገዛሁ። ስልኬን አንድ ጊዜ እንኳ በቅጡ ሳይሞላ አለቀ። ነገሩን ያሰላልኝ ያው ጠጋኝ ነው፤ እኔም የሂሳብ ሰው ነኝና ወደድኩት። በውስጡ ያለው ባትሪ 3.7 ቮልት ነው፤ ወደ ስልክ የሚያስተላልፈው ግን በ5 ቮልት ነው። ስለዚህ እውነተኛ የሆነው 20,000 እንኳ በ5 ቮልት ሲሰላ 14,800 ይሆናል፤ በመቀየሩ ሂደት በሙቀት የሚባክነው ሲቀነስ 12 ወይም 13 ሺህ ገደማ ይቀራል። ይህ ማታለል አይደለም፤ የዕቃው ባሕርይ ነው፤ ታማኝ አምራቾች ይህንኑ ትንሹን ቁጥር «ሬትድ ካፓሲቲ» ብለው ከጀርባው ይጽፉታል። 5,000 የሆነ የስልክ ባትሪን ሁለት ጊዜ ተኩል ያህል ቢሞላ ዋጋውን አግኝቷል ማለት ነው። የእኔ ግን ከዚያም በታች ነበር። ጠጋኙ ሲከፍተው ከባትሪው አጠገብ ክብደት እንዲመስል የተደረገ ቁራጭ ብረት አገኘንበት።

ብረት ያልተጨመረበትን ፎርጂድ ግን በሚዛን መለየት ይቻላል። አንዱ የተለመደ ክብ የሊቲየም ባትሪ 45 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ 20,000 ለመያዝ ቢያንስ ስድስት ያህል ስለሚያስፈልግ ዕቃው ከነሽፋኑ ከ300 ግራም በታች ከሆነ ያጠራጥራል። ሁለተኛውን ስገዛ ከሱቁ ጎን ቅመም ከምትሸጥ እናት ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት። እርሷም «ይኼ ደግሞ ምን የሚሉት ቅመም ነው?» ብላ ሣቀችብኝ፤ 380 ግራም ሆኖ አገኘሁት፤ ይኸው እስከ ዛሬ ያገለግለኛል።

ሜሞሪ ካርድ ላይ ግን ሚዛን አይሠራም። 128 ጂቢ ብሎ ራሱን ለስልኩ የሚያሳይ፣ በውስጡ ግን ጥቂት ጂቢ ብቻ ያለው ካርድ አለ፤ እውነተኛው ቦታ ሲሞላ በኋላ የሚገባው ፋይል ስሙ ይታያል እንጂ አይከፈትም። የእህቴን ልጅ ሠርግ የቀረጽኩት እንዲህ ባለ ካርድ ላይ ነበር፤ ከኒካው በኋላ ያለው ሁሉ ጠፋ። አሁን አዲስ ካርድ ስገዛ የማያስፈልጉኝን ትልልቅ ቪዲዮዎች እስኪሞላ ድረስ እጭንበታለሁ፤ ከዚያ መጨረሻ የገቡትን ከፍቼ አያለሁ። ከተከፈቱ አጥፍቼ እጠቀምበታለሁ፤ ካልተከፈቱ በዚያው ቀን እመልሰዋለሁ። በነገራችን ላይ ስልካቸው «ሞልቷል» ስለሚል ካርድ የሚገዙ ብዙ ሰዎች የሞላባቸው የቴሌግራም ጥርቅም ነው። በቴሌግራም ሴቲንግ የማከማቻ ክፍል ውስጥ የወረደ ነገር ከሳምንት በኋላ ራሱ እንዲጠፋ ማዘዝ ይቻላል፤ ባለቤቴ ይህን ሲያደርግ ካርድ መግዛቱን ተወው።

ስለ ቴሌቪዥኑ አጭር ልበል። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ኃይል ሁልጊዜ 220 ቮልት ላይ የረጋ አይደለም፤ አንድ ምሽት ብልጭ ድርግም ብሎ ሲመለስ ቴሌቪዥናችን ጸጥ አለ። ዲቫይደር ላይ ስለተሰካ የተጠበቀ መስሎኝ ነበር፤ ተራው ዲቫይደር ግን አንዱን መስመር ለብዙ ከማካፈል በቀር የሚከላከለው ነገር የለም። አሁን መብራት ሲሄድ ሁሉንም እንነቅላለን፤ ተመልሶ አምስት ደቂቃ ያህል ሲረጋ እንሰካለን። ለፍሪጁ ብቻ ዘግይቶ የሚያበራ ስታቢላይዘር ገዝቻለሁ፤ የፍሪጅ ሞተር ወዲያው ጠፍቶ ወዲያው መነሣት ይጎዳዋልና።

አባቴ ገጠር ናቸው፤ ስልክ ልግዛላቸው ስል ወንድሞቼ «ስማርት ይሁን፣ በቪዲዮ እናያቸዋለን» አሉ። እኔ ተቃወምኩ፤ ምክንያቴም በ2014 ዓ.ም. ያሳለፍነው ወር ነው። ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ደሴ በጦርነቱ ስትያዝ መብራትም ኔትወርክም ጠፋ፤ ግንቦት 2013 ዓ.ም. የጀመረውን ቴሌብር ገና መልመዴ ነበርና ገንዘቤ ስልኬ ውስጥ እያለ ዳቦ መግዣ አልነበረኝም። እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ ቤታችን ውስጥ የጠቀመን ዕቃ የእናቴ አሮጌ ባለ ቁልፍ ስልክ ነው፤ የጆሮ ማዳመጫ ገመዱ እንደ አንቴና ሆኖ ኤፍ ኤም ይይዛል፣ የእጅ መብራቱ ሌሊት መንገድ ያሳያል፣ አንድ ጊዜ ከሞላ ቀናት ይቆያል። ከዚያ ወዲህ ጥቂት ጥሬ ገንዘብ ቤት ውስጥ አይጠፋም፤ አንድ ባለ ቁልፍ ስልክም ሞልቶ ይቀመጣል።

በመጨረሻ አባቴ ባለ ቁልፉን ራሳቸው መረጡ። «እኔ ድምፃችሁን ነው የምፈልገው፤ ፊታችሁንማ በዓል ሲመጣ አየዋለሁ» አሉ። በእርሳቸው ስልክ የገጠመን አንድ ችግር ካርድ በተሞላ ቁጥር ሂሳቡ መጉደሉ ነበር፤ ለካስ ሳያውቁ በተጫኑት ቁልፍ በአጭር ቁጥር የሚላክ የዕለት መልእክት ተመዝግበው ኖሯል። መልእክቱ ለመጣበት ቁጥር «ስቶፕ» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፌ ስመልስ ቆረጣው ቆመ። የምስጢር ቁጥራቸውን ለማንም፣ «ከቴሌ ነኝ» ላለም ቢሆን እንዳይናገሩ ነግሬያቸዋለሁ፤ እርሳቸውም «እኔ ቁጥሩን መች አውቀዋለሁና» አሉኝ።

እኔ አሁን የያዝኩት ስልክ ሁለቱ ጠጋኞች የተስማሙበት፣ በሚኒባሱ ውስጥ ከአምስት ሰው ሁለቱ የሚይዙት ዓይነት ነው። ኮምቦልቻ ሙቀት ሲበረታ ከመስኮት ፀሐይ አነሣዋለሁ፤ ማታም ትራስ ሥር አድርጌ ቻርጅ አላደርገውም፤ ባትሪን ከሁሉ በላይ የሚያደክመው ሙቀት ነው ተብዬ ነው። ቢሆንም ባለፈው ወር ጀርባው ትንሽ ሲያብጥ አየሁና አልተጫንኩትም፣ አልሰካሁትም፤ ያበጠ ባትሪ ከተወጋ ወይም ከታጠፈ ሊነድ ይችላልና በዚያው ቀን ሰኞ ገበያ ወሰድኩት። ጠጋኙ ከመሳቢያው አዲስ ባትሪ አወጣ። ከመግጠሙ በፊት በእስክርቢቶ ቀኑን ጻፈበትና «ሲመለሱ ስንት ጊዜ እንደቆየ አብረን እናየዋለን» ብሎ ዘጋው።